ቆሼ ላይ የተበጠሰው ማንገቻ

አዲስ አበባ ላይ «ነገ ቆሼ እሄዳለሁ» የሚል ሰው አድማጩን ያስደነግጣል። ለከተማው ነዋሪ ቆሼ ማለት ረጲ አካባቢ የሚገኘው፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተደርምሶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን የቀጠፈው የቆሻሻ ክምር ነውና። ዛሬ ከውድ አንባቢያን ጋር የምንጓዝባት ቆሼ ግን ሌላ ናት። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ባቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ስሟ ከበርበሬ ጋር የተቆራኘ ከተማ ናት። ለብዙ ዓመታት በጉራጌ ዞን የማረቆ ወረዳ ዋና ከተማ ሆና ቆይታለች። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ የማረቆ ልዩ ወረዳ መቀመጫ ሆናለች።

ይህች ከተማ ለእኔ አንድ ትምህርት ሰጥታኛለች። ትምህርቱ ስለ በርበሬ ሳይሆን ስለ ቦርሳ ነው። «ደግሞ ስለ ቦርሳ ምን የሚጻፍ ነገር አለ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ቆሼን እስካይ ድረስ እንደዚያው አስብ ነበር።

መንገዱና ሸክሙ

በማስተምርበት ትምህርት ቤት የፎቶግራፍ ክበብ አለን። የክበቡ ካሜራ የተገዛው በወላጆች መዋጮ ነው። ካዋጡት መካከል ባለሱቅ አለ፣ የጋራዥ ሠራተኛ አለ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናትም አሉ። ስለዚህ ካሜራው ተራ ዕቃ ሳይሆን አማና ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በኅዳር ወር፣ የበርበሬን ጉዞ ከማሳ እስከ ወጥ ድስት በፎቶ የሚያሳይ ዐውደ ርዕይ ለማዘጋጀት አስበን ሁለት ተማሪዎችን ይዤ ወደ ቆሼ ተነሣሁ።

መንገዱ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ከአዲስ አበባ በዓለም ገና በኩል ወጥተን የአዋሽን ወንዝ መልካ ቁንጡሬ አጠገብ ተሻገርን። የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት ይህ ስፍራ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀጥሎ ጥያ አለች። 36ቱ ትክል ድንጋዮቿ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የተመዘገቡ ሲሆን አብዛኞቹ በሰይፍና በልዩ ልዩ ምልክት የተቀረጹ ናቸው። ከዚያ ቡኢን አልፈን ቡታጅራ ገባን። ቡታጅራ ላይ የጉራጌን ተራሮች ከኋላችን ትተን ወደ ምሥራቅ ስንታጠፍ መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል፤ አየሩ ይሞቃል፣ ግራሩ ይበዛል፣ አቧራውም ይበረታል።

በጀርባዬ የያዝኩት ቦርሳ በዚያው ሳምንት የተገዛ ነበር። ነጋዴው «ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ነው» አለኝ። ፊቱ ላይ የታወቀ የካሜራ ፋብሪካ ስም በትልልቁ ተጠልፏል። ዋጋው ረከሰልኝ፣ መልኩ አማረኝ፣ ገዛሁት። ውስጡን ገልብጬ አላየሁም። ካሜራው ከነሌንሱ፣ አንድ ረጅም ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ባለሦስት እግር ማቆሚያ፣ የባትሪ መሙያና የመጠጥ ውሃ ሲደማመሩ ሰባት ኪሎ ያህል ይመዝናሉ። ይህ የስድስት ወር ሕፃን ክብደት መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የበርበሬው ግቢ

በኅዳር ቆሼ የገባ ሰው ከማየቱ በፊት ያስነጥሳል። ማረቆ ፋና የሚባለው፣ በትልቅነቱና በደማቅ ቀይ መልኩ የታወቀው የበርበሬ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ አገር ነው። በየግቢው ሸራ ላይ ተሰጥቷል፣ በማዳበሪያ ተሞልቶ በየደጁ ተደርድሯል። ገበያው ውስጥ አማርኛው፣ ጉራጊኛው፣ ስልጢኛውና ኦሮምኛው ከማረቆዎች ቋንቋ ከሊቢዶ ጋር ይደባለቃል። ሊቢዶን የቋንቋ ሊቃውንት ከሀዲይኛ ጋር የሚያዛምዱት የኩሽ ቋንቋ ነው።

አንዲት አረጋዊት እናት በግቢያቸው በርበሬ ሲለቅሙ አገኘናቸውና ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ጠየቅን። «አንሱ፤ ግን መጀመሪያ ቡና ጠጡ» አሉን። ቡናው እስኪደርስ ወሬ አነሡ። ልጃቸው ሪያድ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በስልክ ያያቸዋል። ነገር ግን በወረቀት የታተመ፣ በእጁ የሚይዘው የእናቱ ፎቶ ላኩልኝ እያለ ይወተውታል። አንዲት ጎረቤታቸው ደግሞ በዚያው ሳምንት ወደ ሪያድ ትበራለች። «እናንተን አላህ ነው ያመጣችሁ» አሉ።

ሰዓቱ እኩለ ቀን ነበር። ፀሐይዋ ከአናት ላይ ስለሆነች የፊት ጥላ ታከብዳለች። «እማማ፣ ከዐሥር በኋላ ብርሃኑ ሲለዝብ ተመልሰን በደንብ እናነሣዎታለን» አልኳቸው። ተስማሙ። ቦርሳዬ በርበሬው ላይ እንዳይወድቅ ፈቀቅ ሊያደርጉልኝ ብድግ ሲያደርጉት ማንገቻውን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ዕቃ በዚህች ክር ነው የምታዝለው? ሕፃን ቢሆን ታዝልበት ነበር?»

«ቦርሳ እኮ ነው እማማ!» ብዬ ሳቅሁ። ተማሪዎቼም ሳቁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም።

ገበያው ውስጥ ስንዞር ዋልን። ቦርሳውን ሃያ ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁ። በየጊዜው የበርበሬ ብናኝና አቧራ በዚፑ ጥርስ መካከል ይገባል። ከሰዓት በኋላ ዚፑ ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ እንቢ ይል ጀመር። እኔም በጉልበት እየጎተትኩ ዘጋሁት። ዐሥር ሰዓት ሲሆን በባጃጅ ወደ እማማ ግቢ ተመለስን። ከባጃጁ ወርጄ ቦርሳውን በአንድ ትከሻዬ ላይ ወርወር ሳደርገው «ጠሽ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማንገቻው ከሥሩ ተነቅሎ ቦርሳው ከቦዩ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ዚፑ ማዕዘኑ ላይ ተተረተረ፤ ካሜራው ወጥቶ ተንከባለለ። ስናነሣው ሌንሱ ተሰንጥቋል፣ ሌንሱ የሚታሰርበት የብረት ቀለበትም ጠሟል።

ረጅሙ ሌንስ ሳይነካ ቢተርፍም የሚታሰርበት ስለጠፋ አልጠቀመንም። እማማ ሐምራዊ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ወንበር አውጥተው በር ላይ ይጠብቁን ነበር። ተማሪዎቼ መሬት መሬት አዩ። በስልኬ አነሣኋቸው። ግን ብርሃኑ እስኪለዝብ ጠብቀው፣ ለብሰው የተቀመጡት ለዚህ እንዳልነበረ እኔም እርሳቸውም እናውቃለን። «ግድ የለም፣ ኸይር ነው» አሉኝ። ጎረቤታቸው በሳምንቱ መጨረሻ ያለ ፎቶው በረረች።

የማይደገም ነገር

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ በሐሳቤ የተመላለሰው የሙሐመድ አሚን ታሪክ ነበር። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሙሐመድ አሚን በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ የቀረጸው የረሃብ ምስል በቢቢሲው ጋዜጠኛ በማይክል በርክ ዘገባ ታጅቦ ጥቅምት 13 ቀን ሲታይ ዓለምን ለርዳታ አነቃንቋል። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጦር መሣሪያ መጋዘን ሲፈነዳ ባልደረባው ጆን ማታይ ሲሞት አሚን ግራ እጁን አጣ። እርሱ ግን በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራውን ይዞ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ።

የእኛ ሥራ ከእርሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን አንድ የጋራ ነገር አለው። ምስል ሰዓቱ ካለፈ አይመለስም። ካሜራው ከስፍራው በደኅና ካልደረሰ የአንሺው ችሎታም ሆነ የሌንሱ ጥራት ዋጋ የለውም። ካሜራውን ከስፍራው የሚያደርሰው ደግሞ ማንም ልብ የማይለው ቦርሳ ነው።

የካሜራውን ማሠሪያ ከኪሴ ከፈልኩ። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ነጋዴውን መውቀስ ይቻል ነበር። ሆኖም ቦርሳውን ሳይገለብጥ የገዛው እኔ ነበርኩ። የሰው አማና የሚሸከመውን ነገር በስሙና በመልኩ የመረጥኩት እኔ ነኝ።

በአንቀልባ ዐይን መመርመር

በነዚያ ሦስት ወራት የእማማ ጥያቄ ከጆሮዬ አልጠፋም። አገራችን ውስጥ ከማንም በላይ ስለ ጀርባ ሸክም የሚያውቁት እናቶች ናቸው። አንዲት እናት አንቀልባ ስትመርጥ ጌጡን ከማየቷ በፊት ጠፍሩን ስባ ትፈትናለች። ጠፍሩ ሰፊ ነው፤ ትከሻ አይቆርጥም። ደረትና ወገብ ላይ ጠብቆ ይታሰራል፤ ሕፃኑ ከጀርባዋ ጋር ይጣበቃል እንጂ ወዲያና ወዲህ አይዋዥቅም። እኔም የተበጠሰውን ቦርሳ በምላጭ ተርትሬ ካየሁ በኋላ፣ መርካቶ ከሰልባጅ ነጋዴዎች ዘንድ እየተመላለስኩ ያገኘሁትን የጀርባ ቦርሳ ሁሉ በዚያ ዐይን መረመርኩ። የተማርኩትን እነሆ።

አንደኛ፣ ማንገቻውን ከሥሩ እዩ። ማንገቻ የሚበጠሰው ከመሐሉ ሳይሆን ከቦርሳው ጋር ከተሰፋበት ቦታ ነው። የእኔው በአንድ መስመር ስፌት ብቻ፣ ከስሱ ጨርቅ ጠርዝ ጋር ተያይዞ ነበር። ደኅናው ቦርሳ ላይ ማንገቻው በሁለት ጨርቅ መካከል ጠልቆ ይገባል። ስፌቱም አራት ማዕዘን ሠርቶ መሐሉ በኤክስ ቅርጽ ይሰፋል፣ ወይም ወዲያና ወዲህ በተመላለሰ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ይታሰራል። ቦርሳውን መሬት ላይ በእግር ይዞ ማንገቻውን ወደ ላይ በኃይል መሳብ ነው። ስፌቱ ቢከፈትና ቀዳዳው ቢታይ መተው ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ዚፑን አትናቁ። ጥሩ ቦርሳ በዚፑ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1934 ጃፓን ውስጥ የተቋቋመው ዋይኬኬ በዚፕ ጥራቱ የታወቀ ነው። ነገር ግን ስሙን አስመስለው የሚጽፉ ስላሉ ጽሑፉን ብቻ ማመን አይገባም። ጥርሱ ወፍራም ይሁን። ማዕዘን ላይ ሲደርስ ሳይዝ ይዙር፤ ቦርሳው ሞልቶም ሳለ ይዘጋ። ከላዩ የሚሸፍነው የጨርቅ ክዳን ካለው እንደ ቆሼ ላለ አቧራማ አገር ይመረጣል። ከጉዞ በኋላ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥርሶቹን መጥረግ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ሦስተኛ፣ ጨርቁን ከውስጥም ከውጭም ዳስሱ። የጨርቁ ክር ውፍረት ዴኒየር በሚባል መለኪያ ይነገራል። ዘጠኝ ሺህ ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው። 1000 ዴኒየር የተባለ ናይሎን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ክሩ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ኮርዱራ በሚል ስም የሚታወቀው ጠንካራ ናይሎን በብዙ ጥሩ ቦርሳዎች ላይ ይገኛል። ሰልባጅ ሲገዛ ደግሞ ቦርሳውን ገልብጦ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። ውሃ እንዳያስገባ የተቀባው ሽፋን ካረጀ እጅ ላይ ይጣበቃል ወይም እንደ ቅርፊት ይረግፋል። እንዲህ ያለውን ከነዋጋ ርካሽነቱ መተው ነው፤ ፍርፋሪው ሌንስ ላይ ይገባልና።

አራተኛ፣ ስፖንጁን በአውራ ጣት ተጫኑ። የፍራሽ ዐይነቱ ለስላሳ ስፖንጅ ሲጫኑት እስከ ታች ይወርዳል፤ ውሃም ይመጣል። ለካሜራ የሚሆነው ጥቅጥቅ ያለው፣ ውሃ የማይመጠው ነው። ሲጫኑት ይገፋል፣ ሲለቁት ቶሎ ይመለሳል። ከሁሉ በላይ የቦርሳው ወለል ይታይ፤ ቦርሳ ሲወድቅም ሆነ ሲቀመጥ የሚመታው ወለሉ ነውና። በየመካከሉ ያሉት መለያዎች እየተነቀሉ የሚለጠፉ ቢሆኑ ዕቃው በልኩ ይያዛል። ሌንስ ከሌንስ ጋር መነካካት የለበትም።

አምስተኛ፣ ሸክሙን ወገብ ይሸከም። ትከሻ ቶሎ ይደክማል፤ የዳሌ አጥንት ግን ይችላል። የተራራ ተጓዦች ቦርሳ ሰፊ የወገብ ቀበቶና የደረት ማያያዣ ያለው ለዚህ ነው። አሜሪካዊው ተራራ ወጪ ግሬግ ሎው ስሙ ከውስጥ ማዕቀፍ ካላቸው ቦርሳዎች ጋር ይነሣል፤ ሎውፕሮ የተባለውም የካሜራ ቦርሳ ከእርሱ የመጣ ነው። ተራራ የሚወጣ ሰው ያገኘው ጥበብ ከአንቀልባ ጥበብ ጋር መገናኘቱ ያስገርማል። ሁለቱም ሸክሙን ወደ ጀርባ አስጠግተው ወገብ ላይ ያስራሉ።

ስድስተኛ፣ አከፋፈቱን አስቡ። በጀርባ በኩል የሚከፈት ቦርሳ ሁለት ጥቅም አለው። ገበያና መናኸሪያ ውስጥ ከኋላ የቆመ ሌባ ሊከፍተው አይችልም። ለመክፈት መሬት ላይ ሲያስተኙትም አቧራ የሚነካው ጀርባችንን የሚነካው ወገን አይሆንም። በትልቁ የተጠለፈ የካሜራ ስም ግን የሚጠቅመው ሌባን ብቻ ነው።

በመጨረሻም፣ ባዶ ቦርሳ አትግዙ። ዕቃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልተቻለ በልኩ የሚመዝን ነገር ጨምሩበት። ሩብ ሰዓት ያህል ተሸክማችሁ ተራመዱ። ሱቅ ውስጥ የሚያምር ቦርሳ ሁሉ መንገድ ላይ አያምርም።

ዳግም ቆሼ

እኔ የመረጥኩት መልኩ የደበዘዘ ግራጫ የተራራ ቦርሳ ነበር። ስሙ እንኳ ከላዩ ተፍቋል። ስፌቱ ግን ከነጥንካሬው አለ፤ ዚፑም እንደ ውሃ ይፈሳል። ለካሜራ የተሠራ ስላልሆነ የውስጥ መያዣ አልነበረውም። መሬት ላይ ለመተኛት የሚነጠፈውን ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ ገዛሁና ቡታጅራ ላለ አንድ ልብስ ሰፊ ወሰድኩለት። ሌንሶቹን አንድ በአንድ ለክቶ በጨርቅ የተለበጠ፣ አምስት ክፍል ያለው መያዣ ሰፋልኝ። ወለሉን ሳልነግረው በሁለት እጥፍ አደረገው። «የሚመታው ይኼ ነው፣ መምህር» አለኝ። የቦርሳውም የመያዣውም ዋጋ ተደምሮ ከመጀመሪያው ቦርሳ ብዙም አልራቀም።

በየካቲት ከነዚያው ሁለት ተማሪዎች ጋር ቆሼ ተመለስን። በርበሬው ተነሥቶ ግቢው ባዶውን ነው። እማማ ትንሽ ከስተዋል፤ ጉንፋን ይዟቸው ሰንብቷል። ሲያዩን ግን ብድግ አሉ። ስለ ፎቶው ከመናገራቸው በፊት ቦርሳውን ተቀበሉኝና ማንገቻውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቡት። ደግመው ሳቡት። ገልብጠው ስፌቱን አዩ።

«ይኼ ያዝላል» አሉ።

ያን ዕለት ብርሃኑ እስኪለዝብ አብረናቸው ቡና ጠጣን። ከዐሥር ሰዓት በኋላ ሐምራዊውን ነጠላቸውን ለብሰው በራቸው ላይ ተቀመጡ። ያነሣቸው ከተማሪዎቼ አንዱ ነው፤ እኔ ቦርሳውን ይዤ ከጎኑ ቆምኩ። ፎቶው አዲስ አበባ ታትሞ ከወር በኋላ በሌላ መንገደኛ እጅ ሪያድ ደረሰ። ልጃቸው ደውሎ ምን እንዳለ ጠየቅኳቸው። «ምንም አላለም፤ ዝም ብሎ ቆየ» አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ካሜራ የሌላችሁ ብትኖሩም ልጆቻችሁ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይይዛሉ፣ ወጣቶቻችሁ ኮምፒዩተር ይሸከማሉ፣ መንገደኞቻችሁ የሰው አደራ ያደርሳሉ። ቦርሳ ስትገዙ ገልብጡት፣ ሳቡት፣ ዳስሱት። ከሁሉም በፊት ግን የእማማን ጥያቄ ጠይቁ፤ ሕፃን ቢሆን ታዝሉበት ነበር?